ስልኩ የቀደማት ወሬ

በላይነሽ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ምስጢር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። የሠራተኛው ሁሉ የግል ማኅደር በእጇ ነው፤ ማን ተቀጥቶ እንደነበር፣ የማን የሕክምና ማስረጃ ምን እንደሚል፣ ማን ከማን እንደተፋታ ታውቃለች። ከዚያች ክፍል ግን አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። አለቃዋ ራሱ የሰው ፋይል ሊያይ ሲፈልግ «ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» ትለዋለች። ደረቅ ናት የሚሏት አሉ። የራሳቸው ፋይል እሷ ጋ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግን ደስ ይላቸዋል።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር በላይነሽ የራሷ ምስጢር ኖራት።

ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገብረኪዳን የሚባል የቢታ ገነት ሰው፣ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር፣ ከፋይሉ አንዲት ደብዳቤ ጎድላበት ሦስት ወር ወደ መዝገብ ቤቱ ተመላለሰ። ደብዳቤዋ የተገኘችው በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ እሱ ግን መምጣቱን አላቆመም። አንድ ቀን ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ መስኮቷ ፊት ቆመና «ወይዘሮ በላይነሽ፣ በማመልከቻ የምጠይቀው ጉዳይ አልቆብኛል። አንድ የቀረኝ አለ፤ እሱን በቃል ብጠይቅዎት ይሻላል» አላት። ጠየቃትም። የዚያን ዕለት አልመለሰችለትም። በሦስተኛው ቀን እሺ አለችው።

ለማንም ላለመናገር ተስማሙ። እሱ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ እነሱን በራሱ ጊዜ ያናግራል። እሷ ደግሞ ዮናታን የሚባል አንድ ልጅ አላት፣ ሺሺንዳ የግብርና ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ። ለኅዳር ሚካኤል ወደ ቤት ሲመጣ ፊቱን እያየች ልትነግረው ወሰነች። እስከዚያ ሃያ ቀን ያህል ቀርቷል፤ ለሃያ ቀን ዝም ማለት ደግሞ ለበላይነሽ ምንም አልነበረም።

ደስታውን መቻል ነው ያቃታት። ጠዋት ስትነሣ ያለ ምክንያት ትስቃለች። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ የመዝገብ ቤቱን በር ትዘጋና፣ በነሐሴ ከከዲጃ ሱቅ የገዛችውን አዲስ ስልክ አውጥታ ፊቱ ላይ ባለችው የፍለጋ ሳጥን ትጽፋለች። «የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ለሠርግ ምን ዓይነት ቀሚስ ትልበስ?» «ባል የሞተባት ሴት ድጋሚ ስታገባ ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» አንድ ቀን ደግሞ ብዙ ካመነታች በኋላ «ላገባ መሆኔን ለትልቅ ልጄ እንዴት ልንገረው?» ብላ ጻፈች። እነዚህን ጥያቄዎች አፍ አውጥታ ሰውን ልትጠይቅ አትችልም። ሳጥኗ ግን አትገረምም፣ አትጠቃቀስም።

ማክሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሥልጠና ነበር። ፋይሉ ሁሉ ፎቶ እየተነሣ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ስለሆነ አርባ የሚሆን ሠራተኛ አዳራሽ ተሰብስቧል። አሠልጣኟ ከስልክ ላይ አንድ ገጽ በፕሮጀክተር ልታሳይ ፈለገችና ስልክ የሚያውሳት ጠየቀች። ባዶ የማኅደር ቅጽ ፎቶ አንሥታ የነበረችው በላይነሽ ስለሆነች የራሷን ሰጠች። ገመዱ ተሰካ። ቅጹ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ።

ከዚያ ከላይ አንዲት ማስታወቂያ ሸርተት ብላ ወረደች።

«ባል ለሞተባቸው እናቶች። ለሁለተኛ ጋብቻዎ የሚሆን ቀሚስ በልክዎ እንሰፋለን።»

አሠልጣኟ ማስታወቂያዋን ልታጠፋ ጣቷን ስታነሣ ሌላ ተከተለ። «ማግባትዎን ለልጅዎ እንዴት እንደሚነግሩት ጨንቆዎታል? አማካሪዎቻችን ዝግጁ ናቸው።»

«ወይዘሮ በላይነሽ» አለ አለቃዋ ፍቅሩ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት ልበል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን አርባ ሰው ነው የሳቀው። በላይነሽ ተነሥታ ገመዱን በገዛ እጇ ነቀለች፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ጭንቅላቷ አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ዮሲ አለ። ዮሲ ከዮናታን ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው፤ ሁለቱ በስልክ ሳይገናኙ የሚውሉበት ቀን የለም።

ወደ መናኸሪያ እየሮጠች ለገብረኪዳን ደወለች።

«ለማን ነገርክ?» አለችው።

በዚያ ሁሉ ወር አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

«ለማንም። ልጆቼን እንኳ ገና አላናገርኩም። ምን ሆነሻል?»

«ስልኬ ሰው ፊት ተናገረ።»

«ስልኩ በምን አወቀ?»

«እኔ እንጃ። እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ብቻ ነው።»

ድምፁን ሰምታ አመነችው። «ልጄ ዘንድ እየሄድኩ ነው» ብላ ዘጋች፤ የመጨረሻው ወንበር ብቻ የቀረው የሺሺንዳ ሚኒባስ ሊነሣ ነበርና ዘላ ገባች። መኪናው ግን በየመንገዱ ይቆማል። አንዱ ቡና በጆንያ ያስጭናል፣ ሌላዋ ቆጮ ታወርዳለች። ጭቃው ላይ አንዴ ጎማው ሲሽከረከር በላይነሽ ከሰው ቀድማ ወርዳ ልትገፋ እጇን ዘረጋች። ረዳቱ «እትዬ፣ ተዉ ጫማዎን» ሲላት «ዛሬ የጫማ ቀን አይደለም» አለችው።

ዮናታንን የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የችግኝ መደቡ ዳር ተቀምጦ አገኘችው። ገና ፊቱን ስታይ አወቀች።

«ሰምተሃል» አለችው።

«ከአንድ ሰዓት በፊት። ዮሲ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ምን ልበለው እማዬ? አመሰግናለሁ አልኩት።»

ይህ ከሳቁ ሁሉ በላይ አመማት። አጠገቡ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ ደብዳቤዋን፣ ሦስቱን ወር፣ ለሚካኤል ያሰበችውን፣ በምሳ ሰዓት ስልኳን የጠየቀችውን። ከባሏ ሞት ወዲህ ከልጇ ጋር እንደዚያ ረጅም አውርታ አታውቅም። ዮናታን መሬት መሬቱን እያየ ሰማት።

«ሰውየው ማነው?» አላት በመጨረሻ።

«ጋሽ ገብረኪዳን። የቢታው።»

«ስምንተኛ ክፍል ሊፈትኑን የመጡት?» ዮናታን ቀና አለ። «እሳቸው እኮ ሲስቁ ታይተው አያውቁም።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች በላይነሽ፣ ፊቷም ቀላ።

ዮናታን አያት፣ አያትና ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ። ሲረጋጉ ልጁ እጁን ዘርግቶ «አሁን ስልክሽን አምጪ። ማግባትሽን ይቅርታ አድርጌልሻለሁ፣ ስልኩን ግን ገና ነኝ» አላት። ስልኳን ከራሱ ስልክ ጎን ይዞ አገላበጠው። የሷ ሳጥን ላይ በትንሽ ፊደል «ቶሎ ፍለጋ» የሚል የመፈለጊያ ስም ተጽፏል። የሱ ላይ የለም።

«ይሄን መፈለጊያ አንቺ ነሽ የመረጥሽው?»

«ምን ምርጫ አለው? ከስልኩ ጋር የመጣ ነው።»

«ምርጫማ አለው» አለ ዮናታን። «ማን እንዳስገባው የምታውቀው ግን የሸጠችልሽ ናት።»

በማግሥቱ ጠዋት የከዲጃ ሱቅ ገና ሲከፈት በላይነሽ ደጃፍ ላይ ነበረች። ከዲጃ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ አባቷ ከጅማ መጥተው የከፈቱትን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የስልክ ሱቅ ያደረገችው እሷ ናት። ወሬው ደርሷት ስለነበር ደንግጣ ወንበር አቀረበች።

«እትዬ በላይነሽ፣ በአላህ እኔ ምንም አላስገባሁም። አስመጪው ከላከው ካርቶን አውጥቼ ነው የሸጥኩልዎ።»

«አምንሻለሁ። ግን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ሳጥኗ ናት የተናገረችው ወይስ ሌላ ነገር?»

ከዲጃ ጥቂት አሰበችና ከመደርደሪያው ሁለት ያልተሸጡ ስልኮች አወረደች፤ ሁለቱም ከአንድ ካርቶን የመጡ ናቸው። አንዱን እንደነበረ ተወችው። የሌላውን ሴቲንግ ከፍታ ታች ድረስ ወረደችና አንድ ቦታ ነካች። የመፈለጊያዎች ስም ዝርዝር ወጣ።

በላይነሽ መነጽሯን አስተካክላ አየች። «አራት ናቸው?»

«አራት ናቸው። ሌላም መጨመር ይቻላል።»

«ይሄ ዝርዝር እኔ ስልክ ውስጥም ነበረ?»

«ነበረ።»

ከዲጃ የሁለተኛውን ስልክ መፈለጊያ ቀየረችው። አሁን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር መፈለግ አለባቸው፤ ያውም ቦንጋ ውስጥ ማንም የማይፈልገው። ደጅ ዝናቡ ያንጠባጥባል፣ ደኑ ጉም ለብሷል። «ግመል» አለች በላይነሽ። ሁለቱም ሳቁ። «ግመል የት ይሸጣል፣ የግመል ኮርቻ፣ ግመል ስንት ቀን ውኃ ሳይጠጣ ይቆያል» እያሉ ስምንት ጊዜ በአንዱ፣ ስምንት ጊዜ በሌላው ጻፉ። ከዚያ ስልኮቹን ጎን ለጎን መስታወቱ ሥር አስቀመጡ።

የዚያን ቀን በላይነሽ ሥራ ብትገባም ልቧ ሱቁ ጋ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ይምጡ» አለች ከዲጃ። «ቶሎ ይምጡ።»

በላይነሽ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። ያልተነካው ስልክ ላይ ሦስት ማስታወቂያ ተደርድሯል። አንዱ በግመል ተቀምጠው በረሃ ይጎብኙ ይላል። ሁለተኛው የግመል ወተት ያሻሽጣል። ሦስተኛው ለግመል አርቢዎች ብድር አለን ይላል። የተቀየረው ስልክ ላይ ምንም የለም። በላይነሽ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲዘል ተሰማት፤ ልክ የጠፋ ፋይል ከስንት ፍለጋ በኋላ ከመደርደሪያ ጀርባ ሲገኝ እንደሚሰማት ዓይነት፣ ግን ከዚያ በጣም የበለጠ። ከዲጃን እጇን ያዘቻት።

«ያዝነው» አለች።

ከዲጃ ግን ፊቷ ጠቆር አለ። ሌላ አዲስ ስልክ ከፍታ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ረጅም ውል ከላይ እስከ ታች ስታነብ ውላ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ። አንዲት መሥመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ጋ የፈለጉትን ሁሉ ለንግድ አጋሮቻችን እናካፍላለን ይላል። ከሥር እስማማለሁ የሚል አለ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ተስማምቼ አላውቅም።»

«አልተስማሙም። እኔ ነኝ የተስማማሁልዎ።» ከዲጃ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ሰው እንዳይቸገር ብዬ ስልኩን እኔው ከፍቼ፣ ሁሉንም እሺ እሺ ብዬ አዘጋጅቼ ነው የምሰጠው። ለእርስዎም፣ ለሌላውም ሁሉ።»

በላይነሽ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በሌላ ሰው ስም እንዲፈርም ፈቅዳ አታውቅም። «እኛ ቤት ይሄ ያስከስሳል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የልጅቷን ፊት አየችና ልቧ ራራ። «የማናውቀው ነገር ነበር። አሁን አወቅን። ነገ ሁለቱን ስልኮች ታውሽኛለሽ፤ አንቺም አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

ሐሙስ የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። በላይነሽ እጇን አውጥታ ዐሥር ደቂቃ ለመነች። ፍቅሩ ፈገግ እያለ ፈቀደላት። ሰው ፊት ለመናገር እንደዚያ ቸኩላ አታውቅም።

«አዎ፣ ላገባ ነው» አለች። «ልጄ አውቋል። ሌላውን ስፈልግ እኔው እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ እናንተ ነው።»

ከዲጃ ስልኮቹን ተራ በተራ ሰካች። ግድግዳው ላይ ግመሎቹ ወጡ። ሳቅ ሆነ፤ በላይነሽም አብራ ሳቀች። ቀጥላ ሁለተኛውን ስልክ አሳየች፣ ከዚያ ያቺን የውል መሥመር ቃል በቃል በአማርኛ ተረጎመች። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ሰው ሁሉ ኪሱን፣ ቦርሳውን ሲነካ ታየ፤ በቅርብ ስልክ የገዛው አብዛኛው ሰው ከከዲጃ ሱቅ ነው የገዛው።

«የክቡርነትዎን ስልክ ለአንድ አፍታ እንሰካው?» አለች በላይነሽ ወደ ፍቅሩ ዞራ።

ፍቅሩ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ። «የለም፣ ቻርጅ ጨርሷል» አለ። አዳራሹ እንደገና በሳቅ ፈረሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፍቅሩም ራሱ እየሳቀ ተቀመጠ።

ከዚያ የሆነው ነገር ሥልጠና አይመስልም ነበር። ሰው ወንበሩን ጥሎ ከዲጃን ከበባት። አንዱ ዝርዝሩን ሲያገኝ ላጠገቡ ያሳያል፣ ያኛው ለሚቀጥለው። «እዚህ ጋ ነው፣ ታች ውረድ»፣ «የኔ አምስት ነው የሚያሳየው» ይባባላሉ። ከዲጃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር። «ሌሎቹ መፈለጊያዎችም ከምትጽፉት ምንም አይዙም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ብዙ ይይዛል፣ አንዳንዱ ትንሽ። ይሄን አይታችሁ ምረጡ፤ እኔ አልመርጥላችሁም።»

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በዛወርቅ ስልካቸውን ይዘው ወደ በላይነሽ መጡ። «እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ማስታወቂያው ያጫውተኛል፤ ይቆይልኝ» አሉ። በላይነሽ ልትከራከራቸው አፏን ከፍታ ተወችው። «ምን እንደሚወስድ ካወቁ እርስዎ ይወስኑ» አለቻቸው። ዮሲም አንገቱን ደፍቶ ቀረበ። «ይቅርታ እማማ፣ የሚያውቅ መስሎኝ ነው የደወልኩለት» አላት። ጉንጩን ቆንጥጣ ለቀቀችው።

ቅዳሜ ገበያ ቀን የከዲጃ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመው ሰልፍ መንገዱን ዘጋ። የቦንጋ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከማንኪራ ማር ይዘው የወጡ ገበሬዎች እንስራቸውን አስቀምጠው ወረፋ ያዙ። አማርኛ ለሚከብዳቸው በላይነሽ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ታስረዳለች። አንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ ቀፎ የት እንደሰቀሉ ለጎረቤት እንኳ እንደማይናገሩ፣ በስልካቸው ግን የማር ዋጋ ሲጠይቁ እንደከረሙ ነገሯት። ከዲጃ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ስልክ ከፍታ እሺ ማለት ተወች። ገዢው ራሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ውሉ ይነበብለታል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ በራሱ ጣት ይነካል። ሥራው ረዘመ፤ አንዳንዱም ሰልችቶት ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። እሷ ግን በዚያው ጸናች።

አስመጪው ሰኞ ዕለት ደወለ። ሳጥኗን ሳትነካ ለምትሸጠው ስልክ ሁሉ ይሰጣት የነበረው ትንሽ ጉርሻ እንደሚቀርባት፣ ዕቃም ሊያቆምባት እንደሚችል ነገራት። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለ። በላይነሽ ይህን ስትሰማ ወረቀት አወጣች። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ግልባጩ ለማን እንደሄደ ከታች የተዘረዘረ፣ ገዢው መፈለጊያውን ራሱ ይምረጥ የሚል አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ለአስመጪው ጻፈች። ከዲጃና መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈረሙበት፤ እያንዳንዱ በገዛ እጁ። መልስ አልመጣም። ከወር በኋላ የመጣው ካርቶን ሲከፈት ግን ስልኮቹ ገና ሲበሩ «የትኛውን መፈለጊያ ይመርጣሉ?» ብለው ጠየቁ። በደብዳቤው ይሁን በሌላ ምክንያት ማንም የነገራቸው የለም። ከዲጃ ግን አንዱን ስልክ ይዛ እስከ መዝገብ ቤቱ ድረስ ሮጠች፣ በላይነሽም በሥራ ሰዓት በሯን ዘግታ አቀፈቻት።

ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት፣ ለኅዳር ሚካኤል፣ ገብረኪዳን ከነልጆቹ መጣ። ከዮናታን ጋር መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ቀጥሎ ስለ ቡና በሽታ አወሩ። በኋላ ዮናታን አንድ ነገር ተናግሮ ርዕሰ መምህሩ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ፤ ልጁም እናቱን በዓይኑ ጠቀሳት።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ቀሚሷን የሰፋላት ገበያ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ነው። ሥርዓቱ ቦንጋ ተፈጽሞ በማግሥቱ ወደ ቢታ ገነት ሲሄዱ ዮናታን ከሹፌሩ ጎን፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ደኑን አልፈው ከተማው መግቢያ ሲደርሱ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቶ አገኙት። ገብረኪዳን በሠላሳ አራት ዓመት ያስተማራቸው ናቸው፤ ጎልማሳው፣ ነጋዴው፣ ሐኪሟ፣ ልጅ ያዘለችው።

«ማን ነገራቸው?» አለ ገብረኪዳን ግራ ገብቶት።

«እኔ» አለች በላይነሽ። «ባለፈው ሳምንት፣ ቁጥራቸውን ከልጆችህ ተቀብዬ፣ አንድ በአንድ ደውዬ።»

መኪናው ሳይቆም ጭፈራው ጀመረ። በላይነሽ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች።